ውሃ፣ ቆሻሻና የምርጫ ካርድ፦ ኢስታንቡል ከንቲባዋን እንዴት መረጠች?

ዛሬ ወደ ቱርክ እንሄዳለን። ሱልጣኖችን ፍለጋ ግን አይደለም። ስለ እነሱ ብዙ ተጽፏል፣ ተከታታይ ፊልሙም በየቤታችን ገብቷል። ዛሬ የምናወራው ስለ ቆሻሻ ክምር፣ ስለ ቧንቧ ውሃና ስለ ምርጫ ካርድ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤፕሪል 28 ቀን 1993 በኢስታንቡል የእስያ ክፍል፣ ኡምራኒዬ በሚባለው ወረዳ አንድ የቆሻሻ ተራራ ፈነዳ። ለዓመታት ከተከመረው ቆሻሻ ሥር ሚቴን ጋዝ ታምቆ ነበር። ክምሩ ተናደና ከግርጌው ያሉትን ደሳሳ ቤቶች ዋጣቸው። 39 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ የ12ቱ አስከሬን እንኳ አልተገኘም። የአዲስ አበባ ልጅ ይህንን ሲያነብ ቆሼን ሳያስታውስ አያልፍም። እኛም ዘንድ በ2017 የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል። አላህ ለቤተሰቦቻቸው ጽናቱን ይስጥ።

እነዚያ ሰዎች ቆሻሻ ሥር ምን ያደርጉ ነበር? መልሱ የከተማዋ እድገት ውስጥ ነው። በ1950 የኢስታንቡል ሕዝብ ገና አንድ ሚሊዮን አካባቢ ነበር። በ1990 ከሰባት ሚሊዮን አለፈ። ከጥቁር ባሕር፣ ከምሥራቅና ከመካከለኛው አናቶሊያ ገጠሮች የመጣው ሰው ቤት የሚሠራበት ቦታ የሚሰጠው አካል አልነበረም። ስለዚህ በሌሊት ሠራ። ቱርኮች እንዲህ ያለውን ቤት «ገጀኮንዱ» ይሉታል፣ በአንድ ሌሊት የቆመ ማለት ነው። እኛ «ጨረቃ ቤት» የምንለው መሆኑ ነው። ሱብሓነላህ፣ ሁለት ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ስም አወጡ!

የዚያን ጊዜዋ ኢስታንቡል ውሃ በፈረቃ የሚመጣባት፣ ሴቶች ቢዶን ይዘው ቦቴ መኪና የሚጠብቁባት ከተማ ነበረች። ክረምት ሲገባ ደግሞ የድንጋይ ከሰል ጭስ ሰውን ያፍነዋል። በዚህ ላይ የከተማዋ የውሃ መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ በ1993 በሙስና ተጋለጡ፤ ኋላም ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ቧንቧው ደርቆ የውሃው ኃላፊ በገንዘብ ሲያዙ ሕዝቡ ምን እንደሚል አስቡት።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ከንቲባ የሚባለው ሹመት ራሱ ከየት መጣ?

በዑስማኒያ ዘመን ኢስታንቡል ከንቲባ አልነበራትም። ከተማዋን የሚያስተዳድረው ቃዲው ነበር። ቃዲ ስንል ዛሬ ኒካሕና ውርስ የሚያይ ዳኛ ብቻ ይመስለናል። ያኔ ግን የዳቦ ክብደት፣ የገበያ ዋጋ፣ የመንገድ ጽዳት ጭምር በእሱ ሥር ነበር፤ በገበያው ላይ ደግሞ ሙህተሲቡ ሚዛን እያየ ይዞር ነበር። በክሪሚያ ጦርነት ወቅት ከተማዋ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ወታደሮች ስትጨናነቅ አሮጌው አሠራር አልበቃ አለ። በ1855 «ሸህረማኔቲ» የሚባል የከተማ አስተዳደር ተቋቋመ። ኃላፊውን የሚሾሙት ሱልጣኑ ነበሩ፤ ሕዝቡ አልተጠየቀም።

ሪፐብሊኩም ሲመጣ ነገሩ ወዲያው አልተቀየረም። በ1930 አዲስ የማዘጋጃ ቤት ሕግ ወጣ፣ ሴቶችም በከተማ ምርጫ የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ። ነገር ግን ለረጅም ዓመታት የኢስታንቡል አገረ ገዢና ከንቲባ በአንካራ የሚሾም አንድ ሰው ነበር። ነዋሪው ከንቲባውን በቀጥታ በድምፁ የመረጠው በ1963 ነው። በ1980 ወታደሮቹ መፈንቅለ መንግሥት አደረጉና ምክር ቤቶቹን በተኑ። ዛሬ የምናውቀው «ታላቁ ማዘጋጃ ቤት»፣ ከሥሩ የራሳቸው ከንቲባ ያላቸው ወረዳዎችን ይዞ የቆመው በ1984 ነው።

አሠራሩን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል። አዲስ አበባ ላይ ሕዝቡ ምክር ቤቱን ይመርጣል፣ ከንቲባውን ደግሞ ምክር ቤቱ ይመርጣል። ኢስታንቡል ውስጥ መራጩ አንድ ፖስታ ይሰጠዋል። በፖስታው ውስጥ የታላቁን ከንቲባ፣ የወረዳውን ከንቲባ፣ የወረዳውን ምክር ቤትና የሰፈሩን «ሙኽታር» የመረጠባቸውን ወረቀቶች ጨምሮ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ለታላቁ ምክር ቤት ግን ለብቻው ድምፅ አይሰጥም፤ ምክር ቤቱ ከወረዳ ከንቲባዎችና ከወረዳ ምክር ቤት አባላት ይዋቀራል። ለከንቲባነት ደግሞ ሁለተኛ ዙር የለም። በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠ ያሸንፋል።

ማርች 27 ቀን 1994 የሆነውም ይኸው ነው። ስልጣን ላይ የነበሩት የሶሻል ዴሞክራቱ ኑረቲን ሶዘን ነበሩ። ፓርቲያቸው ግን እሳቸውን ትቶ ታዋቂውን ሙዚቀኛ ዙልፉ ሊቫነሊን አቀረበ። ከቀኝ ወገን ኢልሃን ከሲጂና የቀድሞው ከንቲባ በድረቲን ዳላን በየራሳቸው ፓርቲ ቀረቡ። አራተኛው ተፎካካሪ የረፋሕ ፓርቲው ረጀብ ጠይብ ኤርዶጋን ናቸው፤ ያኔ የ40 ዓመት ሰው፣ የካሲምፓሻ ሰፈር ልጅ፣ የኢማም ኻጢብ ትምህርት ቤት ምሩቅ። ብዙዎች ከቁም ነገር አልቆጠሯቸውም ነበር።

ውጤቱ ሲነገር ኤርዶጋን 25 በመቶ፣ ከሲጂ 22፣ ሊቫነሊ 20፣ ዳላን 15 በመቶ ገደማ አገኙ። ቁጥሩን ደግማችሁ ተመልከቱት። ከአራት መራጭ ሦስቱ ሌላ ሰው ነው የመረጡት። ሁለቱ የቀኝ ፓርቲዎች ተስማምተው አንድ ሰው ቢያቀርቡ ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር፤ የግራዎቹም ድምፅ እንዲሁ ተከፋፍሎ ነበር። እኔ በበኩሌ «በ1994 ኢስታንቡል ወደ እስልምና ተመለሰች» የሚለውን አባባል የማልቀበለው ለዚህ ነው። ሕዝቡ ከዚያ በፊትም ሙስሊም ነበር። «አክራሪዎች ከተማዋን ወረሩ» ብለው የደነገጡትም ያው ስህተት ነው የሠሩት፤ ሁለቱም ወገኖች የቆሻሻውን ክምር ረሱት።

እውነቱን ለመናገር ግን ረፋሕ ያሸነፈው በሌሎች መከፋፈል ብቻ አልነበረም። ፓርቲው በየሰፈሩ፣ እስከ መንገድና እስከ ምርጫ ሳጥን ድረስ የወረደ አደረጃጀት ነበረው። ሌሎቹ ፓርቲዎች ምርጫ ሲደርስ ይመጣሉ፤ የረፋሕ ሰዎች ለቅሶ ላይም፣ ሰርግ ላይም፣ ሰው ሲታመምም ይገኙ ነበር። ከሁሉ በላይ ሥራውን የሠሩት ሴቶቹ ናቸው። ሒጃባቸውን ለብሰው በየጨረቃ ቤቱ በር እያንኳኩ፣ ሻይ እየጠጡ፣ የእያንዳንዱን ቤት ችግር እየጠየቁ ወራት አሳለፉ። ወንድ ሊገባበት የማይችለውን ሳሎን እነሱ ገቡበት። እዚህ ላይ ግን አንድ የሚቆጨኝን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ፓርቲው በእነዚህ እህቶች ጉልበት አሸንፎ፣ እስከተዘጋበት ቀን ድረስ አንዲት ሴት ወደ ፓርላማ አላስገባም።

ኤርዶጋን ከንቲባ ሆነው በማዘጋጃ ቤቱ መዝናኛዎች አልኮል እንዳይሸጥ ከለከሉ፤ ጋዜጦቹም ስለዚሁ ብዙ ጻፉ። የሰፈሩን ሰው ያስደሰተው ግን ሌላ ነበር። ከኢስትራንጃ ተራሮች ውሃ በቱቦ መጣ። ቆሻሻው በ1995 ከከተማው ውጭ ወደተዘጋጁ ዘመናዊ ማስወገጃዎች መሄድ ጀመረ። «ወርቃማው ቀንድ» የሚባለው የሚሸተው የባሕር ሰርጥ ጭቃው ተጠርጎ ወጣ። ለሐቁ ያህል፣ ሁሉም ከዜሮ የተጀመረ አይደለም። የተፈጥሮ ጋዙ ወደ ቤቶች መግባት የጀመረው በሶዘን ጊዜ ነው፤ የምድር ባቡሩ ቁፋሮም እንዲሁ። ከንቲባ ሲባል እንዲህ ነው፤ አንዱ ይቆፍራል፣ ሌላው ሪባን ይቆርጣል።

ከዚያ ፍርድ ቤት መጣ። ዲሴምበር 1997 ኤርዶጋን በሲኢርት ከተማ አንድ ስብሰባ ላይ ግጥም አነበቡ። የጸጥታ ፍርድ ቤቱ ሕዝብን በሃይማኖት ለጥላቻ አነሳስተዋል ብሎ የ10 ወር እስራት ፈረደባቸው። ቅጣቱ ሲጸና በ1998 ከከንቲባነታቸው ተነሱ፣ በ1999ም አራት ወር ፒናርሂሳር እስር ቤት ተቀመጡ። ምክር ቤቱ በቦታቸው አሊ ሙፊት ጉርቱናን መረጠ። ጋዜጦች «ከእንግዲህ የሰፈር ሙኽታር እንኳ አይሆንም» ብለው ነበር። በማርች 2003 ግን እኚሁ ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ያውም ፓርላማ የገቡት ግጥሙን ካነበቡባት ከሲኢርት ተመርጠው ነው!

ከ1994 ጀምሮ ከተማዋ 25 ዓመት ሙሉ ከዚህ መስመር እጅ አልወጣችም፤ መጀመሪያ በረፋሕና በተተኪው፣ ከ2004 ጀምሮ በአክ ፓርቲ። የመካከሉን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። መንገዱ፣ ድልድዩ፣ ሜትሮው በዛ፣ ፎቁም አረንጓዴውን እየበላ ሄደ። በ2017 ከንቲባ ቃድር ቶፕባሽ ስልጣናቸውን ለቀቁ፣ ተተኪያቸውንም ሕዝቡ ሳይሆን ምክር ቤቱ መረጠ።

ማርች 31 ቀን 2019 ሌላ ፉክክር መጣ። አክ ፓርቲ የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር ቢናሊ ዪልዲሪምን አቀረበ። ተቃዋሚው ጀሀፔ ብዙ ሰው የማያውቃቸውን የበይሊክዱዙ ወረዳ ከንቲባ ኤክረም ኢማሞግሉን አመጣ። ጀሀፔ የአታቱርክ ፓርቲ ነው፣ ሒጃብ በዩኒቨርሲቲ በተከለከለባቸው ዓመታት የነበረውን አቋም ሃይማኖተኛው ሕዝብ አይረሳውም። ኢማሞግሉ ግን ያንን ክርክር አላነሱም። ከምርጫው በፊት በኤዩፕ ሱልጣን መስጂድ፣ በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች በሰላት ላይ ለተገደሉት ወንድምና እህቶቻችን ያሲን ቀሩ። በየገበያው እየዞሩም ከእሳቸው ጋር የማይስማማውን ሰው አቀፉ። ልብ ካላችሁ፣ የ1994ቱን የረፋሕ ዘዴ ተቃዋሚው ተማረው ማለት ነው።

በዚያ ሌሊት የመንግሥቱ ዜና አገልግሎት ውጤት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቁጥሩን ማሳወቅ አቁሞ ለሰዓታት ዝም አለ። ቆጠራው ሲጣራ ኢማሞግሉ በ13 ሺህ ድምፅ ገደማ በለጡ፤ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት ከተማ። ሹመቱን ተቀብለው 18 ቀን እንደሠሩ፣ ሜይ 6 የአገሪቱ ከፍተኛ የምርጫ ቦርድ በ7 ለ4 ድምፅ ምርጫውን ሰረዘው። ምክንያቱ አንዳንድ የምርጫ ጣቢያ ኃላፊዎች በሕጉ መሠረት የመንግሥት ሠራተኞች አለመሆናቸው ነው ተባለ።

አሁን ቅድም ልብ በሉ ያልኳችሁን ፖስታ አስታውሱ። በአንድ ፖስታ፣ በአንድ ሳጥን፣ በእነዚያው ኃላፊዎች ፊት አራት ድምፅ ተሰጥቷል። የተሰረዘው ግን የታላቁ ከንቲባ ድምፅ ብቻ ነበር። የወረዳ ከንቲባዎቹ፣ ምክር ቤቶቹና ሙኽታሮቹ እንዳሉ ጸኑ። የፓርቲ ካርድ የሌለው ተራ ሰውም ቢሆን ይህንን ለመረዳት የሕግ ትምህርት አላስፈለገውም። ጁን 23 ድጋሚ ተመረጠ። የ13 ሺሁ ልዩነት ወደ 806 ሺህ ገደማ ከፍ አለ። በማርች አክ ፓርቲን የመረጡ ሰፈሮች ውስጥ ሳይቀር ሰው ድምፁን ቀየረ።

የከንቲባው ወንበር ተቀየረ እንጂ 39ኙ ወረዳዎች በአብዛኛው በአክ ፓርቲ እጅ ቀሩ፤ ስለዚህ ታላቁ ምክር ቤትም እንዲሁ። ለአምስት ዓመት ከንቲባው ብድር ሲጠይቁ ወይም በጀት ሲያቀርቡ፣ ሌላ ፓርቲ በሚመራው አዳራሽ ፊት ነበር። ከንቲባ ብቻ መርጦ ወደ ቤቱ የሚገባ መራጭ ግማሹን ሥራ ነው የሠራው። በማርች 2024 ኢማሞግሉ 51 በመቶ አግኝተው ደገሙ፣ ፓርቲያቸውም 26 ወረዳ ወሰደ፤ ምክር ቤቱም ዞረ።

ማርች 19 ቀን 2025 ፖሊስ ኢማሞግሉን በሙስና ክስ ያዛቸው። ከአንድ ቀን በፊት የኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ዲግሪያቸውን ሰርዞ ነበር፤ በቱርክ ሕግ ዲግሪ የሌለው ሰው ለፕሬዚዳንትነት አይወዳደርም። መንግሥት ፍርድ ቤቱ ነፃ ነው ይላል። ደጋፊዎቻቸው በ1998 የተደረገው ተደገመ ይላሉ። ማርች 26 ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ኑሪ አስላንን ተጠባባቂ ከንቲባ አድርጎ መረጠ። ያኔ በኤርዶጋን ቦታ ጉርቱና እንደተመረጡት ማለት ነው። በ2019 የነበረው የምክር ቤት ቁጥር ቢሆን ኖሮ ግን ወንበሩ በዚያው ቀን ወደ አክ ፓርቲ ይመለስ ነበር።

ከመሰናበቴ በፊት ወደ ወረዳዎቹ ልመልሳችሁ። በ2024 ኤርዶጋን ራሳቸው ቤት ያላቸው ወረዳ፣ ኡስኩዳር፣ ከአክ ፓርቲ እጅ ወጥቶ ሲነም ደደታሽ የምትባል ሴት ከንቲባ መረጠ። ኡምራኒዬ ግን፣ ያ የቆሻሻ ተራራ የፈነዳበት ወረዳ፣ ያን ቀንም የአክ ፓርቲን ሰው ነው የመረጠው። ከ1993ቱ በፊት የነበረውን ቧንቧ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።