በመፀው ወራት ብቻን ወደ መናገሻ ዱር

የሀገራችን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ክፍለ ዘመን ሲከፍሉ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለውን ወራት መፀው ብለውታል። በአውሮፓ ሀገር በዚህ ወራት ቅጠል ይረግፋል፤ ዱሩም ይራቆታል። በእኛ ደጋ ግን ዝናሙ ያባራል፤ ጭቃው ይደርቃል፤ ወንዙ ይጠራል፤ ሜዳውም አበባ ለብሶ ይታያል። ስለዚህ ተራራ ወጥቶ ዱር ለማየት ለሚሻ ሰው ከዚህ የተመቸ ጊዜ የለም።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚታየው የወጨጫ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 3,385 ሜትር ከፍታ አለው። ጎኑን የሸፈነው ታላቅ ዱር የመናገሻ ሱባ ደን ይባላል። አንድ ሰው በማለዳ ተነሥቶ፣ ስንቁንና ውሃውን ይዞ፣ በእግር መንገዱ ቢወጣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመልሶ ለመውረድ ይችላል። ከባልንጀራ ጋር የሚሄድ በጨዋታ ይጠመዳል፤ ብቻውን የሚሄድ ግን ሌላ የሚያነጋግረው ስለሌለ ዛፉን ይጠይቃል።

ከግርጌው ጥድና ዝግባ ወይራም ይቀበሉታል፤ ከጥዱም መካከል ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ይገኛል። በቅርንጫፉ ላይ ጉሬዛ ይዘላል፤ ከጥሻውም በዐፄ ምኒልክ ስም የተጠራው ድኩላ ብቅ ብሎ ይሰወራል። ከፍ ሲል ኮሶው ይበዛል፤ ከዚያም ወዲያ አስታው ይተካል፤ ወደ ራሱ ሲቃረብ ዛፉ አልቆ ሣርና ጅብራ ብቻ ይቀራል። እንዲህ ባለ ሥርዐት የተደረደረውን ዱር ያየ ሰው፣ ይህ በርእሰ ከተማው አጠገብ ሳለ እንደምን ሳይቆረጥ ቀረ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

በአፈ ታሪክ ሲነገር የኖረው፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በአንኮበር አቅራቢያ ካለው ከወፍ ዋሻ ዱር የጥድ ዘር አስመጥተው በዚህ አስተከሉ የሚል ነው። ነገር ግን ጥድ የደጋችን የተፈጥሮ ዛፍ ስለ ሆነ፣ ከጥንት የነበረውን ጠበቁት እንጂ አዲስ አልተከሉትም የሚል ቢነሣ ነገሩ ከንቱ አይባልም። የሁለቱም ፍጻሜ ግን አንድ ነው። ያስተከሉም ቢሆኑ ያስጠበቁ፣ ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ትውልድ ሁሉ ምሳሩን ባይከለክል ኖሮ ዛሬ የምናየው ጥላ ባልኖረ ነበር።

ይህንንም የአዲስ አበባ ታሪክ ያስረዳናል። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ሲባል በዙሪያዋ ያለው ዛፍ በጥቂት ዓመታት ተመነጠረ። እንጨትም ስለ ታጣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራ አስጀምረው ነበር። ከአውስትራልያ የተገኘው ባሕር ዛፍ ግን ፈጥኖ የሚያድግ፣ ቢቆርጡትም ከጉቶው መልሶ የሚያቈጠቁጥ ስለ ሆነ ማገዶውን ሸፈነ፤ ርእሰ ከተማውም ሳይዛወር ቀረ። እንግዲህ መጤው ዛፍ ከተማይቱን ሲያድን ለነባሩም ጥድ መድኅን ሆነለት ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ መጋዝ ከመናገሻም ብዙ ግንድ አውጥቷል፤ የተረፈው የመንግሥት ደን ተብሎ በመጠበቁ ነው።

መናገሻ ማለት የሚነገሥበት ስፍራ ማለት ነው። ሰሙ የንጉሥ ዘውድ ቢሆን ወርቁ የተራራው ዘውድ ነው፤ እርሱም ዛፉ ነው። የንጉሥ ዘውድ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ራስ በአንድ ቀን ይተላለፋል፤ የተራራው ዘውድ ግን አንድ ጊዜ ከወደቀ መልሶ ለመድፋት ብዙ መቶ ዓመት ይፈጃል። መትከል የአንድ ክረምት ሥራ ነው፤ መጠበቅ ግን የልጅ ልጅ ሥራ ነው።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በመፀው ብቻህን ወደዚያ ብትወጣ ከመፀው በኋላ በጋው እንደሚከተልና ሣሩ እንደሚደርቅ አስብ። የለኰስከውን እሳት ሳታጠፋ አትለፍ፤ ለምርኵዝ ብለህም ለጋውን አትቁረጥ። ማንም በማያይህ ስፍራ ዛፉን ከማራህ፣ ከቀደሙት ጠባቂዎች ጋር ተቈጠርህ።