አብራጅ፦ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት የገዛው የዱባይ ካፒታል

አብራጅ በ2002 ዱባይ ላይ የተቋቋመ የኢንቨስትመንት ድርጅት ነበር (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ የዐረብኛው «ቡርጅ» ብዙ ቁጥር ሲሆን ማማዎች ማለት ነው። መሥራቹ አሪፍ ናቅቪ ካራቺ ተወልደው ለንደን የተማሩ ፓኪስታናዊ ናቸው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዱባይ ላይ ኩፖላ የተባለ ኩባንያ ከፈቱ። በ1999 ኢንችኬፕ የተባለውን የእንግሊዝ የንግድ ድርጅት የመካከለኛው ምሥራቅ ሥራ፣ ከፍ ያለውን ድርሻ በብድር ሸፍነው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገዙና ከፋፍለው በትርፍ ሸጡት። የአብራጅ ሐሳብ የተጠነሰሰው ከዚህ ግዢ ነው።

ሥራው ፕራይቬት ኢኩቲ ይባላል። አስተዳዳሪው ድርጅት ከጡረታ ፈንዶች፣ ከልማት ባንኮችና ከቱጃሮች ገንዘብ ይሰበስባል፤ በገንዘቡ ኩባንያዎችን በሙሉ ወይም በከፊል ይገዛል፤ ለጥቂት ዓመታት አሳድጎ ይሸጣቸዋል። የአንድ ፈንድ ዕድሜ በተለምዶ ዐሥር ዓመት ነው። አስተዳዳሪው በዓመት 2 በመቶ ያህል ለሥራ ማስኬጃ፣ ከትርፉ ደግሞ 20 በመቶ ያህል ይወስዳል። ባለገንዘቦቹ ቃል የገቡትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይከፍሉም። የሚገዛ ነገር ሲገኝ አስተዳዳሪው «ይህን ያህል ላኩ» ይላቸዋል፣ እነሱም ይልካሉ። ይህች የመጨረሻዋ አሠራር ተራ ነገር ትመስላለች፤ አብራጅ ላይ የመጣው መዘዝ ግን የተጀመረው ከእሷ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ስኬት ከትምህርትም ከሕክምናም የራቀ ነበር። በ2002 አብራጅ የዮርዳኖሱን የዕቃ ማመላለሻ ድርጅት አራሜክስን ገዛ። አራሜክስ በአሜሪካው ናዝዳክ ገበያ አክሲዮኑን የሸጠ የመጀመሪያው የዐረብ ኩባንያ ሲሆን፣ አብራጅ ከዚያ አውጥቶ በ2005 ወደ ዱባይ ገበያ አስገባው። በ2007 የግብጽ ማዳበሪያ ኩባንያን በ1.41 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ በማግሥቱ ዓመት ለኦራስኮም ሸጠው። በእነዚህ ግዢዎች የባሕረ ሰላጤው ነጋዴ ለካ ገንዘቤን ወደ ለንደንና ኒውዮርክ ሳልልክ እዚሁ አካባቢዬ ላተርፍበት እችላለሁ አለ።

ወደ ትምህርትና ጤና የተገባውም በዚያው በ2007 ነው። ዱባይ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት በዋናነት ለአገሬው ተወላጅ ነው፤ ከነዋሪው አብዛኛው ደግሞ ከውጭ የመጣ ነው። እንጀራ ፍለጋ የመጣ ወላጅ ልጁን ለማስተማር የግል ትምህርት ቤት ከመክፈል ሌላ ምርጫ የለውም። ከሕንድ ኬረላ የመጡ ባልና ሚስት መምህራን በ1968 የከፈቱት አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት፣ ልጃቸው ሰኒ ቫርኪ ሲረከቡት ጄምስ ኤዱኬሽን የተባለ ትልቅ የትምህርት ቤቶች ሰንሰለት ሆነ። አብራጅ ከዚህ ሰንሰለት ሩብ ድርሻ ገዛ። ትምህርት ቤት ለባለገንዘብ የሚስበው ክፍያው አስቀድሞ በየተርሙ ስለሚገባና አንድ ጊዜ የተመዘገበ ልጅ ለዓመታት ስለሚቆይ ነው። ወላጅ ችግር ሲገጥመው ብዙ ነገር ይቀንሳል፤ የልጁን ትምህርት የሚቀንሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ሆስፒታሉ ኢስታንቡል ላይ ነበር። መህመት አሊ አይድንላር በ1991 የመሠረቱት አጅባደም አንድ ሆስፒታል ሆኖ ጀምሮ ወደ ሆስፒታሎች ቡድን አድጓል። አብራጅ ገብቶበት ቡድኑ በቱርክ ከተሞች ከተስፋፋ በኋላ፣ በ2012 መጀመሪያ ለማሌዥያው አይኤችኤች ተሸጠ። አብራጅ በካይሮም ተመሳሳይ ሥራ ሠራ፤ ገንዘቡን ያፈሰሰባቸው አል ቦርግና አል ሞኽታበር የተባሉት ተፎካካሪ የላቦራቶሪ ድርጅቶች በ2012 ተዋህደው በ2015 በለንደን የአክሲዮን ገበያ ተመዘገቡ።

ወደ ምሥራቅና ምዕራብ አፍሪካ የገባው ግን በሌላ በር ነው። በ2012 አብራጅ ኦሪዮስ ካፒታልን ጠቀለለ። ኦሪዮስ ከ2009 ጀምሮ የአፍሪካ ጤና ፈንድ የሚባል 105 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያስተዳድር ፈንድ ነበረው፤ ገንዘቡን ያዋጡት የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ የጀርመን ልማት ባንክና የጌትስ ፋውንዴሽን ናቸው። በዚህ ፈንድ ውል ውስጥ ሊደነቅ የሚገባው አንቀጽ አለ፦ አስተዳዳሪው የሚያገኘው የትርፍ ድርሻ ፈንዱ ስንት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ዘንድ እንደ ደረሰ ይለካ ነበር። ድኻውን ያላከመ፣ ትርፍ ቢያመጣም ሙሉ ድርሻውን አያገኝም። ስለ ማኅበራዊ ኢንቨስትመንት ብዙ ቃል ተነግሯል፤ ቃሉን በአስተዳዳሪው ኪስ ላይ ያሰረ ውል ግን እምብዛም አይገኝም።

ፈንዱ ከገባባቸው አንዱ በ2001 የተከፈተው የናይሮቢ ሴቶች ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ የተደፈሩና የተደበደቡ ሴቶችና ልጆች ያለ ክፍያ የሚታከሙበት ማዕከል አለው። አንዲት ሴት በሌሊት ከመጣች ምርመራው፣ ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚሰጣት መድኃኒትና የምክር አገልግሎቱ ገንዘብ ሳትጠየቅ ይደረግላታል፤ የሚከፍሉት ታካሚዎች ገቢ ባለበት ቤት ውስጥ የማይከፍሉትም ቦታ አግኝተዋል። የአብራጅ ታሪክ በፍርድ ቤት መዝገብ ብቻ ከታየ ይህ ይረሳል፤ መረሳት የለበትም።

ከዚያ የመጣው ከመጠን ያለፈ ዕድገት ነው። በ2016 አብራጅ ለደቡብ እስያና ለአፍሪካ ከተሞች የ1 ቢሊዮን ዶላር የጤና ፈንድ አቋቋመ፤ የጌትስ ፋውንዴሽን ብቻውን 100 ሚሊዮን ቃል ገባ፤ አይኤፍሲ፣ የእንግሊዙ ሲዲሲና የፈረንሳዩ ፕሮፓርኮም ገቡበት። በሕንድ ሃይደራባድ የሚገኘው ኬር ሆስፒታልስ ተገዛ፤ በፓኪስታን፣ በኬንያና በናይጄሪያ ሥራ ተጀመረ። ድርጅቱ አስተዳድራለሁ የሚለው ሀብት ወደ 14 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ፤ በበርካታ አገሮች ቢሮ ከፈተ፤ ናቅቪም በዳቮስ ጉባኤ የሚታወቁ ሰው ሆኑ።

ወጪው ግን ከአስተዳደር ክፍያው በላይ ነበር። ጉድለቱን ይሸፍናል ተብሎ የተጠበቀው አብራጅ ድርሻ የነበረበት የካራቺው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኬ-ኤሌክትሪክ ሽያጭ ነው። በ2016 ለሻንጋይ ኤሌክትሪክ በ1.77 ቢሊዮን ዶላር ሊሸጥ ስምምነት ተፈረመ፤ የፓኪስታን መንግሥት ፈቃድ ሲጓተት ገንዘቡ ሳይመጣ ቀረ። እዚህ ላይ ነው ያቺ «ይህን ያህል ላኩ» የምትለው አሠራር የተጠለፈችው፤ ለሆስፒታል ተብሎ የተጠራው ገንዘብ ሆስፒታሉ ሳይገዛ በአብራጅ እጅ ቆየ።

በ2017 መጨረሻ ላይ አራቱ የጤና ፈንድ ባለገንዘቦች ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ የት እንዳለ ጠየቁ። የአሜሪካ ጋዜጦች ጥያቄውን በየካቲት 2018 አወጡት። ከኩዌት የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም የተወሰደ 100 ሚሊዮን ዶላር ብድር በጊዜው ሳይመለስ ሲቀር ተቋሙ በኬይማን ደሴቶች ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ በሰኔ 2018 አብራጅ ሒሳብ አጣሪ ተሾመለት። የዱባይ ፋይናንስ ተቆጣጣሪ በ2019 ያወጣው ውሳኔ የአሠራሩን ውስጥ ያሳያል፦ የባለገንዘቦች ገንዘብ ለድርጅቱ ወጪ ውሏል፤ ሒሳብ ሊዘጋ ሲል ደግሞ ገንዘብ ለአጭር ጊዜ ተበድሮ ባንክ ይገባል፤ ባንኩ «ይህን ያህል አለ» ብሎ በጽሑፍ ካረጋገጠ በኋላ ገንዘቡ ተመልሶ ይወጣል። ቅጣቱ 315 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ናቅቪ በሚያዝያ 2019 ለንደን ላይ በአሜሪካ ጥያቄ ተያዙ፤ ክሱን አይቀበሉም። ከከፍተኛ አመራሮቹ አንዱ የሆኑት ሙስጠፋ አብደል ወዱድ ግን በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ጥፋተኝነታቸውን አምነዋል።

ሆስፒታሎቹ አልተዘጉም። ቲፒጂ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2019 የጤና ፈንዱን ተረክቦ ኤቨርኬር ብሎ ሰየመው። በ2020 መጀመሪያ ከናይሮቢ ሴቶች ሆስፒታል የወጡ የውስጥ መልእክቶች ሐኪሞች የገቢ ግብ ለማሟላት ታካሚ እንዲያስተኙና እንዲያቆዩ ግፊት እንደሚደረግባቸው የሚያሳዩ ሆነው ተገኙ፤ በመላ ኬንያ ቁጣ ተነሣ፣ የሕክምና ባለሙያዎች ምክር ቤትም ምርመራ ጀመረ። ድኻው ዘንድ በመድረስ ከሚለካው የ2009 ውል ጋር ሲነጻጸር፣ ሆስፒታል ምን እንዲያተርፍ እንደሚጠየቅ የሚወስነው ከላይ የተቀመጠው የክፍያ ቀመር መሆኑ ይታያል። በ2021 ኤቨርኬር ሌጎስ ሌኪ ላይ 165 አልጋ ያለው አዲስ ሆስፒታል ከፈተ። የሃይደራባዱ ኬር ሆስፒታልስ ደግሞ በ2023 ብላክስቶን ለተባለው የአሜሪካ ፕራይቬት ኢኩቲ ድርጅት ተላለፈ።