ስለ ቃል ተሸካሚዎችና ስለ ገመና

ሰው ብቻውን ለመኖር ያልተፈጠረ ስለ ሆነ፥ ቃሉን ወደ ሩቅ ወዳጁ የሚያደርስለት ተሸካሚ ከጥንት ጀምሮ ሲፈልግ ኖሯል። ዳሩ ግን ቃልን የሚሸከም ሁሉ ምሥጢርንም ይሸከማል። ስለዚህ አንድ ሕዝብ እንዴት እንደሚላላክ የሚመረምር ሰው፥ ያ ሕዝብ የእርስ በርሱን ገመና እንዴት እንደሚጠብቅ ጭምር ይመረምራል። እኔም ዕድሜዬን በማስተማር አሳልፌ አሁን በሰበታ በጡረታ የምኖር ስሆን፥ የቃል ተሸካሚው በአገራችን ከሰው ወደ ሽቦ፥ ከሽቦም ወደ እጅ ስልክ ሲለወጥ፥ የገመና ጠባቂነት በማን እጅ እንደ ወደቀ በአጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ።

ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታን ሥራ አቋቋሙ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ነገር ግን አብዛኛው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበርና፥ በላኪው ዘንድ አንድ ጸሐፊ፥ በተቀባዩም ዘንድ አንድ አንባቢ በመካከል ይገቡ ነበር። ይህ ልማድ እስከ እኛ ልጅነት ድረስ ቆይቷል። በሚስዮን ትምህርት ቤት ስንማር፥ በሰፈራችን ፊደል የቆጠርን ልጆች ጥቂት ስለ ነበርን፥ እናቶች ከልጆቻቸው የመጣላቸውን ደብዳቤ ይዘው እየመጡ ያስነብቡን ነበር። በዚያ ወረቀት ውስጥ የገንዘብ ማጣት፥ የትዳር ጠብ፥ አንዳንድ ጊዜም ከሰው የተሰወረ ሕመም ይገኛል። መምህራችን ይህን ስለሚያውቁ፥ «የሰው ደብዳቤ ስታነቡ ዓይናችሁን አበድሩ፤ አፋችሁን ግን ዝጉ» ይሉን ነበር። ያ ትእዛዝ ለእኛ ከሒሳብና ከሰዋስው ይልቅ ይከብድ ነበር፤ የዐሥር ዓመት ልጅ የሰፈር ገመና ጠባቂ ይሆን ነበርና።

በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የሆነ የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ተዘረጋ። አካል የሌለው ድምፅ በሽቦ ሲመጣ የሰሙ አንዳንድ ካህናት፥ ይህ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙ ይነገራል። ዛሬ ይህን የሚሰማ ወጣት ይስቃል። እኔ ግን፥ መልሳቸው ስሕተት ቢሆንም ጥያቄያቸው የሞኝ ጥያቄ አልነበረም እላለሁ፤ ይኸውም፥ ፊቱን የማናየው ተሸካሚ ቃላችንን ምን ያደርገዋል? የሚል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ስልክን ለአገር አስተዳደር እጅግ ተጠቀሙበት። በስልክ ቤት የሚቀመጠው ስልከኛ መስመሩን በእጁ ያገናኝ ስለ ነበረ፥ ቢፈልግ የሁለቱን ሰዎች ንግግር መስማት ይችል ነበር። እንግዲህ ሽቦው ቢዘረጋም በመካከል አሁንም ሰው ነበረ፤ ስሙ የሚታወቅ፥ ያልተፈቀደለትን ቢያወራ የሚጠየቅ ሰው።

ሕጉም ወደ ኋላ አልቀረም። በ1923 ዓ.ም. የተሰጠው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ፥ ሕግ ከወሰነው በቀር የኢትዮጵያውያንን የመላላክ ምሥጢር ማንም ሊደፍር እንዳይችል ደነገገ። ከ64 ዓመት በኋላ የጸደቀው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ26ኛው አንቀጹ ስለ ግል ሕይወት መከበር ሲናገር፥ በፖስታ፥ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገው ግንኙነት እንዳይደፈር ይላል። የቁጥሩ መገጣጠም በአጋጣሚ ይሆናል፤ ነገር ግን በሁለቱ ሕጎች መካከል ዘውዱም ደርግም ሲወድቁ ይህ አሳብ አልወደቀም። የተጻፈው ሁሉ ተፈጽሟል ማለቴ ግን አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጠነ። ቀድሞ በመናገሻ አውራጃ የምናውቃቸው ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። በሱሉልታ የቆመው የሳተላይት ጣቢያ ድምፃችንን ወደ ሰማይ እየላከ ከዓለም ጋር አገናኘን። በ1991 ዓ.ም. የእጅ ስልክ በአዲስ አበባ ጀመረ፤ በ2013 ዓ.ም. በቴሌብር ገንዘብ በስልክ መላክ ተቻለ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ወጣ። ጥቅሙን የሚክድ ሰው ሐሰተኛ ነው። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት እንደ ተማሩት ያሉ ዐይነ ስውራንን ተመልከቱ። ቀድሞ ወዳጃቸው በቀለም የጻፈላቸውን ደብዳቤ ያለ ሌላ ሰው ዓይን ሊያውቁት አይችሉም ነበር። ዛሬ ስልኩ ጽሑፉን በድምፅ ስለሚያነብ፥ ምሥጢራቸውን ለብቻቸው በጆሮአቸው ይሰማሉ። መሣሪያው ለእነዚህ ሰዎች ገመናቸውን መለሰላቸው።

ነገር ግን ያው መሣሪያ ከሌላው የሚወስደው አለ። ቀድሞ የዕለቱ ሥራ ሲያልቅ ሠራተኛው ቤቱ ይገባና ማታው የእርሱ ይሆን ነበር፤ አሁን ከቡራዩ አዲስ አበባ ተመላልሶ የሚሠራ ሰው እራት ላይ ተቀምጦ ከአለቃው ትእዛዝ ይቀበላል። የእድር ጥሩንባ ሲነፋ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄድ ነበር፤ አሁን መርዶው በስልክ ይደርሳል፥ አንዳንዱም ገንዘቡን በስልክ ልኮ ይቀራል። ከዚህም የሚከፋው፥ ለቅሶ ቤት የደረሰው ሰው ደረቷን የምትመታውን እናት ሥዕል አንሥቶ ለማያውቃት ሁሉ ያሠራጫል። በአገር ጉዳይም እንዲሁ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ጊዜ ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። የተላከው ቃል በአንድ ወገን የቁጣ እሳት ሊሆን እንደሚችል፥ የቃል መዘጋትም በሌላው ወገን ሕዝቡን በጨለማ እንደሚያስቀምጥ ያን ጊዜ ተምረናል።

አንድ ሰው ተነሥቶ፥ «በድሮው መንደር ገመና የት ነበረ? ጎረቤት ሁሉ የሁሉን ያውቅ አልነበረምን? በአውጫጭኝ ጊዜ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ሌባው እስኪገኝ በአደባባይ አይውልም ነበርን?» ይለኝ ይሆናል። እውነቱን ነው። ሐሜቱም ሥር የሰደደ ነበረ። ነገር ግን ልዩነቱን እናስተውል። የእኔን ገመና የሚያውቅ ጎረቤት፥ እኔም የእርሱን አውቅበታለሁ። ቡና ተጠራርተን እንጠጣለን፤ ብንታመም እንጠያየቃለን፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን ለመሸፈን ምክንያት ነበረው። ዛሬ ግን ነገራችንን የሚሰበስበው ሩቅ ነው፤ እርሱ ያውቀናል፥ እኛ አናውቀውም። ደግሞም የደብዳቤው አንባቢ ሲሞት የሰማው ምሥጢር አብሮት ይቀበር ነበር፤ ወረቀቱም በምድጃ ይቃጠል ነበር። በስልክ የተላከው ግን አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣ በስንት ቤት እንደ ተቀመጠ አይታወቅም፤ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሠራው ሞኝነት በአርባ ዓመቱ ፊቱ ሊቆም ይችላል።

በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መውጣቱ መልካም ነው። ሕግ ግን የደፈረውን ይቀጣል እንጂ የተገለጠውን መልሶ አይሸፍንም። ቀድሞ የገመና ጠባቂዎች ጥቂቶች ነበሩ፤ እነርሱም መልእክተኛው፥ ጸሐፊው፥ ስልከኛው፥ የነፍስ አባቱ ናቸው። ዛሬ የእጅ ስልክ የያዘ ሁሉ ስልከኛ ሆኗል፤ የባልንጀራው ቃልና ሥዕል በእጁ ያልፋልና። ስለዚህ ያ የጥንቱ የስልከኛ ግዴታ በእያንዳንዳችን ላይ ወድቋል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ የሌላ ሰው ነገር በስልካችሁ ሲደርሳችሁ ከማሳለፋችሁ በፊት ባለቤቱን ፈቅደሃልን? ብላችሁ ጠይቁ። የሰማችሁት እውነት መሆኑን ሳታረጋግጡ አታስተላልፉ። ለቅሶ ስትደርሱ ስልኩን ከኪሳችሁ ተዉት፤ ኀዘንተኛው የሚፈልገው እጃችሁን ነው። ወላጆችም የልጆቻችሁን ምስጢርና ጥፋት ለዓለም አታሳዩ፤ አድገው የሚያነቡት እነርሱ ናቸውና። የሰውን ገመና የሚሸፍን ሰው በአገራችን ሁልጊዜ የተከበረ ነበረ፤ መሣሪያው ስለ ተለወጠ ክብሩ አልቀነሰም።