ዛብ ማላላት በመሰናክል ዝላይ

ፈረስ መሰናክል ሲዘል ሚዛኑን የሚጠብቀው አንገቱን ወደፊት ዘርግቶ ነው። ጋላቢው ያን ጊዜ ዛቡን ጨምድዶ ከያዘ ልጓሙ የፈረሱን አፍ ያሳምመዋል፤ ደጋግሞ የታመመ ፈረስም መዝለል ይጠላል።

ጣሊያናዊው የፈረሰኛ ጦር መኮንን ፌዴሪኮ ካፕሪሊ (እ.ኤ.አ. 1868–1907) ጋላቢው ወደፊት አዘንብሎ የፈረሱን እንቅስቃሴ እንዲከተል እስኪያስተምር ድረስ፣ በዝላይ ላይ ወደኋላ ተለጥጦ ዛብ መጎተት የተለመደ ነበር።

በአሜሪካ የሀንተር (የፈረሱ አዘላለል የሚዳኝበት) እና የኢኩዊቴሽን (የጋላቢው ችሎታ የሚዳኝበት) ግልቢያ፣ ጀማሪ ዛቡን ለማላላት እጆቹን እስከ ፈረሱ አንገት አጋማሽ ወስዶ ጋማ ይጨብጣል። ልምድ ያለው እጆቹን ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ገፍቶ የፈረሱን አንገት የላይኛ ጠርዝ ይደገፋል። ይህን አንገት ተደግፎ ዛብ የማላላት አሠራር የአሜሪካዊው የግልቢያ አሰልጣኝ የጆርጅ ሞሪስ የእ.ኤ.አ. 1971 መጽሐፍ በሰፊው አስተዋውቆታል።

ከሁሉ የሚልቀው አላላል ግን የጋላቢው እጅ የፈረሱን አንገት ሳይደገፍ፣ ከክርን እስከ ልጓም ቀጥ ያለ መስመር ጠብቆ አፉን ሲከተል ነው። እግሩ በእርካብ ላይ ያልጸና ጋላቢ አይሞክረውም፤ የቻለበት ግን ፈረሱን ገና አየር ላይ ሳለ ወደሚቀጥለው መሰናክል ማዞር ይችላል።