ፍቅር በሽምግልና ዘመን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከሶዶ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው የወላይታ ከተማ ቦዲቲ፣ እንደ ሌሎቹ የሀገራችን ከተሞች ሁሉ፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕርግ ያበቁ፣ ዛሬ ግን ጉልበታቸው የደከመ ብዙ አባቶችና እናቶች አሉ። ልጆቹ ለሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሐዋሳ ሄደዋል፤ እርሻውን የሚያርሰው ሌላ ነው። ትናንት ለሌላው ይደርሱ የነበሩ ሰዎች ዛሬ የሰው እጅ ሲጠብቁ «ከእንግዲህ ለማን እጠቅማለሁ?» የሚል ኀዘን ልባቸውን ይከብደዋል። ክርስቲያናዊ ፍቅር ግን ከጉልበት ጋር አብሮ የሚደክም አይደለም። ጌታችን በወንጌል የሰጠን የፍቅር ትእዛዝ የዕድሜ ገደብ የለውም (ዮሐ. 13፥34)። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ ክርስቲያን ግን ከፍቅር ጡረታ አይወጣም።

የአረጋውያን አብነት በቅዱሳት መጻሕፍት

ነቢዪት ሐና የ84 ዓመት መበለት ሆና በጾምና በጸሎት ከቤተ መቅደስ አልተለየችም፤ ሕፃኑን ጌታችንን ባየች ጊዜም ቤዛን ለሚጠባበቁ ሁሉ ስለ እርሱ ትናገር ነበር (ሉቃ. 2፥36-38)። ወንጌላዊው ቅዱስ ዮሐንስ በኤፌሶን ባረጀ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ደግፈው ወደ ጉባኤው ያመጡት እንደ ነበርና ረጅም ትምህርት መስጠት ሲሳነው እርስ በርስ እንዲዋደዱ ብቻ ደጋግሞ ይመክራቸው እንደ ነበር ሊቁ ቅዱስ ጄሮም ጽፏል። ሐና ጊዜዋን፣ ዮሐንስም አንዲት ቃሉን ሰጡ። ሁለቱም የሰጡት እርጅና ያልወሰደባቸውን ነው።

ሽምግልና እና ዕርቅ

በቋንቋችን «ሽምግልና» ማለት ማርጀትም ማስታረቅም ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ራሱን ሽማግሌ ብሎ ጠርቶ፣ ከጌታው የኮበለለውን አናሲሞስን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ይለምናል፤ ዕዳ ካለበትም እኔ እከፍላለሁ ይላል (ፊል. 1፥9-19)። አስታራቂ ሽማግሌ እንዲህ ነው፤ ፍርድ ሰጥቶ ብቻ አይነሣም፣ ከሸክሙም ይካፈላል።

ነገር ግን ሌላውን የሚያስታርቅ ሰው አስቀድሞ ራሱ ሊታረቅ ይገባዋል። የእርሻ መሬት በጠበበበት በወላይታ በድንበርና በውርስ ምክንያት ለዓመታት የተኳረፉ ወንድማማቾች አይታጡም። ቂሙ ካልተፈታ ለልጅ ልጅ ይወረሳል። ለዚህ ሀገር ደግሞ የቅርብ አብነት አለ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ በገድላቸው እንደ ተነገረው፣ እናታቸውን ቅድስት እግዚእ ኀረያን ማርኮ የነበረውን የዳሞት ንጉሥ ሞተለሚን አልተበቀሉም፤ እርሳቸውንም ብዙ መከራ ካጸናባቸው በኋላ ወንጌልን አስተምረው አጥምቀውታል። ቦዲቲ ያለችበት አካባቢ እስከ ዛሬ ዳሞት ጋሌ ተብሎ ይጠራል። የዳሞትን ስም በየዕለቱ የሚጠራ አረጋዊ ይህንንም ይቅርታ ሊያስብ ይገባዋል። ከጥላቻ ጋር መሞት ለነፍስ አደጋ ነውና፣ ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ የተጣላውን ዛሬ ያስጠራ፤ ካልመጣለትም ሰው ልኮ ይቅርታ ይጠይቅ።

በቤትና በጎረቤት

የአረጋዊ ፍቅር በየዕለቱ በትንንሽ ነገሮች ይገለጣል። ምራትን ወይም አማችን በሌሎች ፊት አለማማት፣ የልጅ ልጅን አስቀምጦ አባታችን ሆይን ማስጠናት፣ ከቤት የማይወጣ የዕድሜ እኩያን መጠየቅ፣ ልቅሶ መድረስ ሁሉ ፍቅር ነው። ቅዱስ ጳውሎስ አረጋውያን ሴቶች ከሐሜት እንዲርቁና ቆነጃጅትን ባሎቻቸውንና ልጆቻቸውን መውደድ እንዲያስተምሩ ያዝዛል (ቲቶ 2፥3-4)። እጅ ሲደክም አንደበት ይበረታልና ከሁሉ በፊት የሚጠበቀው አንደበት ነው። ምርቃት የለመደ አፍ ቤትን ያንጻል፤ ወቀሳ የለመደ አፍ ግን የሚጦሩትን ልጆች ያርቃል።

በወላይታ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ኦርቶዶክሳውያንና ፕሮቴስታንቶች አብረው መኖራቸው የተለመደ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ልጅ ያለው አባት በእምነቱ ጸንቶ ይኑር፤ ልጁን ግን ከማዕዱ አይለየው። ለሚጠይቀው ሁሉ በየዋህነት መልስ መስጠት የሐዋርያው ትእዛዝ ነው (1ጴጥ. 3፥15)። ጌታችንም ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ አስተምሮናል (ሉቃ. 10፥25-37)። የአባት ደጅ ክፍት ከሆነ የልጅ መመለሻ መንገድ አይዘጋም።

መቀበልም ፍቅር ነው

ሲሰጥ ለኖረ ሰው መቀበል ይከብደዋል። ሰውነቱን ሌላ ሲያጥብለት፣ በሰው ትከሻ ተደግፎ ሲሄድ ያፍራል፤ አንዳንዱም ኀፍረቱን በቁጣ ይሸፍነዋል። ቅዱስ ጴጥሮስ እግሩን እንዳያጥበው ጌታን በከለከለ ጊዜ፣ ካልታጠበ ከእርሱ ጋር ዕድል እንደሌለው ተነግሮታል (ዮሐ. 13፥8)። ስለዚህ በምስጋና መታጠብና በምስጋና መጉረስ ለአስታማሚው ዋጋ የሚያሰጥ ትሕትና ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ» የምትል ቃል የደከመውን አስታማሚ ታበረታለች።

የማይደክም አገልግሎት

አልጋ ላይ የዋለም ሰው ጸሎት አለው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በእርጅናቸው ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው ቢሰበር በቀረው እግራቸው 7 ዓመት መጸለያቸውን፣ በ99 ዓመት ከ10 ወር ከ10 ቀንም ማረፋቸውን ቤተ ክርስቲያን ትናገራለች። ጻድቁ በጎደለው እግራቸው አላማረሩም፤ በቀረው ቆሙ። እኛም መቆም ቢያቅተን ተቀምጠን፣ መቀመጥ ቢያቅተን ተኝተን፣ የልጆቻችንን፣ የጎረቤቶቻችንንና ያስቀየሙንን ሰዎች ስም እየጠራን እንጸልይ። ሩቅ ሀገር ላለ ልጅ ስልክ ባይደርሰው የእናት ጸሎት ይደርሰዋል።

ልጆችም «እማዬ፣ ዕረፊ» እያልን አረጋውያንን ከአገልግሎት ሁሉ አናግልላቸው። ምክራቸውን እንጠይቅ፣ ከጸሎትና ከማኅበር እንዳይቀሩ ደግፈን እናድርሳቸው፣ ምርቃታቸውንም እንቀበል። ያገኘነውን ሁሉ የሰጡን እነርሱ ናቸውና፣ አሁንም ሊሰጡን ያላቸውን እንዳናጣ።

የልዑል እግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የጻድቁ አባታችን ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።