ማዕረግና በቃል መያዝ፦ ከጣና ዳርቻና ከጎጃም የአብነት ጉባኤዎች

የአብነት ተማሪ በመንደር ዓይን ዝቅ ያለ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ፣ ከውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የባለጸጋ ልጅ ነኝ ብሎ ከልመናው የሚቀር ብዙ አልነበረም። በጉባኤው የሚከበረው ግን ቀለም የገባው ነው። ከጣና ገዳማት እስከ ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ቤቶች የተማሪውን የማስታወስ ብቃት ያጎለበተው በተለይ ይህ የክብር ሥርዓት ይመስለኛል።

ጆሴፍ ሄንሪክና ፍራንሲስኮ ጊል-ዋይት በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በማስፈራራት የሚያዝን የበላይነት፣ ሰዎች ከዐዋቂ ለመማር ፈቅደው ከሚሰጡት ክብር ለይተዋል። የየኔታ አለንጋ መኖሩ አይካድም፤ ሆኖም አገር አቋርጦ መምህር የሚፈልግን ተማሪ የሚነዳው ፍርሃት አይደለም።

ክብሩ የሚገኘው ደግሞ የያዙትን በሰው ፊት በማውጣት ነው። የቃል ትምህርት በጨለማ፣ ያለ መጽሐፍ ይሰጣል፤ ተማሪው የሰማውን መልሶ ይቀጽላል። የዛሬ ቅኔ ነገ አይደገምም፤ ሲነገር ያልያዘው አመለጠው። የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል፣ በማስቀጸሉም የራሱ ቀለም ይጸናል። ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ጽሑፍን ደጋግሞ ያነበበ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይበልጣል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሱን እየፈተነ ያጠናው ይቀድመዋል።

የጽላሎዋ የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ለዚህ ታላቅ ምስክር ናቸው። የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት በልጅነታቸው ነው። ከአባታቸው ቅኔን በቃል ተምረው፣ የወንዶች በነበረው ጉባኤ ወንበር ዘርግተው አስተማሩ። በዘመኑ ልማድ ሴትነትም ዓይነ ስውርነትም ከወንበር የሚያርቁ ነበሩ። ጉባኤው ግን ያከበራቸው በዕውቀታቸው ነው። እርሳቸውን የመሰሉ ሴቶች ጥቂት ብቻ መሆናቸው የሥርዓቱ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ስንት ብሩህ አእምሮ ከደጅ እንደቀረ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ማዕረግን በአቋራጭ ለማግኘት፣ አእምሮን ያበራል የሚባለውን «አብሾ» የጠጡም አሉ። አብሾ ከሚዘጋጅባቸው ዕፅዋት አንዱ አስተናግር ነው። በውስጡ ያለው ስኮፖላሚን ተመራማሪዎች የሰውን የማስታወስ ችሎታ ለጊዜው ለማድከም የሚጠቀሙበት ንጥረ ነገር ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ያቃዣል፣ ይገድላልም። ለሊቃውንቱ ብሩህነት ምስጋናው የሚገባው ለሌሊቱ ቅጸላ እንጂ ለቅጠሉ አይደለም።

በባሕር ዳር ያላችሁ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ ደብተራቸውን ከድነው የተማሩትን ለጓደኛቸው እንዲናገሩ በየዕለቱ ጥቂት ደቂቃ ስጧቸው። በሰሚስተሩ መጨረሻ አንደኛ የወጣውን ስትሸልሙም፣ ጓደኛውን ያስጠናውን አብራችሁ ሸልሙ።