በአውቶሞቢል ውስጥ የአምፕሊፋየርና የእስፒከር መመጣጠን፤ አጭር የታሪክ ምርመራ

በአውቶሞቢል ውስጥ ድምፅን የሚያበረታው አምፕሊፋየርና ድምፁን የሚያሰማው እስፒከር ተመጣጣኝ ይሁኑ ሲባል፥ ብዙ ሰው የሚያስበው በሁለቱ ላይ የተጻፈው የዋት ቍጥር እኩል እንዲሆን ነው። እኛ ግን ታሪኩን ስንመረምር ነገሩ አስቀድሞ የባትሪ፥ ኋላም የመለኪያ ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1930 በቺካጎ የሚገኘው የጋልቪን ኩባንያ ሞቶሮላ የተባለውን የአውቶሞቢል ራዲዮን ለገበያ ሲያቀርብ የአውቶሞቢል ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 6 ቮልት ነበር። የራዲዮኑ ቫልቮች ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቮልት ይሹ ነበር። ይህን ጕድለት በመጀመሪያ ተጨማሪ ባትሪዎች፥ ቀጥሎም ቫይብሬተር የተባለው መሣሪያ ሞላው። በቫልቩና በእስፒከሩ መካከል ትራንስፎርመር ስለሚገባ ማመጣጠኑ የፋብሪካው ሥራ እንጂ የባለ መኪናው ጭንቀት አልነበረም።

በ1955 የክራይስለር ኩባንያ ፊልኮ የሠራውንና በትራንዚስተር ብቻ የሚሠራውን ራዲዮን አስታወቀ። በዚያው ዘመን ባትሪውም ወደ 12 ቮልት ይለወጥ ነበር። ትራንዚስተር በዝቅተኛ ቮልት ስለሚሠራ ቫይብሬተሩ ቀረ፤ ነገር ግን የድምፁ ኃይል በባትሪው ቮልት ተወሰነ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ የሚገኘው ቮልት 14.4 ያህል ቢሆን፥ በ4 ኦም እስፒከር ላይ የሚገኘው ንጹሕ ኃይል ቢበዛ 26 ዋት ያህል ነው። ዛሬ በብዙ ራዲዮኖች ፊት ላይ የሚነበበው «50 ዋት» ድምፁ ፈጽሞ ሲበላሽ የሚደረስበት ነው።

ከዚህ ወሰን ለማለፍ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቮልቱን በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ከፍ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ኦሙን መቀነስ ነው፤ ሁለት ባለ 4 ኦም ሳብዉፈሮች ጎን ለጎን ቢያያዙ 2 ኦም፥ በተከታታይ ቢያያዙ 8 ኦም ይሆናሉ። ኦሙ በግማሽ ሲቀንስ የኤሌክትሪኩ ፍሰት እጥፍ ስለሚሆን፥ እስከ 2 ኦም ብቻ እንዲሸከም የተሠራ አምፕሊፋየር 1 ኦም ቢጫንበት ከልክ በላይ ይግላል፤ ሊቃጠልም ይችላል።

የመለኪያው ጕዳይ ግን ዘግይቶ ነው የተስተካከለ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1974 ስለ አምፕሊፋየር ኃይል አነጋገር ደንብ ቢያወጣም፥ ደንቡ የቤት ውስጥ መሣሪያዎችን እንጂ የመኪናውን አልነካም። ለመኪናው በአምራቾች ፈቃድ የሚሠራበት መለኪያ የወጣው በ2003 ሲሆን፥ ኃይሉ በ14.4 ቮልትና በ4 ኦም፥ ብልሽቱ ከ1 በመቶ ሳይበልጥ እንዲለካ ያዛል።

ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ ኦሙን፥ ቀጥሎ ሳይቋረጥ የሚሰጠውንና የሚሸከመውን ኃይል ማስተያየት ይገባዋል እንላለን። ለታሪክ ተማሪም ትምህርቱ ያው ነው፤ ቍጥርን እንደ ማስረጃ ከመቀበል በፊት ማን፥ በምን ሁኔታ እንደ ለካው መጠየቅ ያስፈልጋል።